ከየት ሆነህ ነው ያየኸው?

*ሥዕል ማስተማር፦ ከአዳማ የከሰዓት ፈረቃ እስከ አለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት*

የከሰዓት ፈረቃ ነው። የአዳማ ግንቦት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለተቀመጠ ልጅ አይመችም፤ መስኮቱ ሲከፈት አቧራ፣ ሲዘጋ ወበቅ ነው። መምህርቷ ጠመኔ አልያዘችም። ሰሌዳው ላይ ከጠዋቱ ፈረቃ የተረፈ የክፍልፋይ ሒሳብ አለ፤ አላጠፋችውም። «ዛሬ የጋሪ ፈረስ ነው የምንሥለው» አለችና ተቀመጠች።

ልጆቹ ሰሌዳውን እያዩ ጠበቁ። የለመዱት እንዲህ ነው፤ ቲቸር ትሥላለች፣ ተማሪ ይገለብጣል፣ ከአሥር ይታረማል። ትንሽ ቆይቶ ከፊት ወንበር ያለችው ልጅ አላስቻላትም።

«ቲቸር፣ አትሥይልንም እንዴ?»

«ጋሪ አይታችሁ አታውቁም?»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። አዳማ ተወልዶ ጋሪ የማያውቅ ልጅ ከወዴት ይመጣል! እርሳስ ተቀረጸ፣ ላጲስ ከወንበር ወንበር ተወረወረ፣ ሥራው ተጀመረ።

የወጡት ፈረሶች ግን ወንድማማች ይመስሉ ነበር። ሁሉም በጎን የቆሙ፣ ሁሉም ወደ ግራ የሚያዩ፣ እግራቸው አራት ቀጥ ያለ ዘንግ። ደፈር ብለው እግሩን ሊያጥፉ የሞከሩትም የኋላውን እንደ ሰው ጉልበት ወደ ፊት አጥፈውታል። መምህርቷ አላረመችም። በረድፍ በረድፍ አስነሥታ ወደ ትምህርት ቤቱ በር ወሰደቻቸው። እርሳስ መያዝ ክልክል ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ የኋላ እግሩ ሲታጠፍ መገጣጠሚያው ወደየት ይወጣል?

በሩ ላይ ደንበኛ የሚጠብቅ ጋሪ አይጠፋም። ሁለት ሴት ልጆች ወዲያው ተከራከሩ፤ አንዷ ወደ ፊት አለች፣ ሌላዋ ወደ ኋላ። ባለ ጋሪው «ፈረሴን ምን አጠፋ ብላችሁ ነው የከበባችሁት?» እያለ ጥቂት እርምጃ አስኬደላቸው። ወደ ኋላ ያለችው ረታች። ሌላው ልጅ ደግሞ ከእግሩ ይልቅ ጎማው ላይ ተተክሎ ቀረ፤ የመኪና ጎማ መሆኑን እስከዚያ ቀን ልብ አላለውም ነበር።

ተመልሰው ድጋሚ ሣሉ። የሁለተኛው ዙር ፈረሶች አላማሩም። እንዲያውም ብዙዎቹ ከመጀመሪያው ይልቅ ተንጋደዋል። ግን እርስ በርስ መመሳሰላቸው ቀረ። አንዱ ልጅ ወረቀት ላይ ደግሞ ፈረስ የሚባል ነገር የለም፤ ሰፊ ዳሌና ጭራ፣ ከላይ ሁለት ጆሮ፣ በጆሮዎቹ መሐል እየጠበበ የሚሄድ አስፋልት፣ አስፋልቱ ላይ አንድ ባጃጅ። ጎረቤቱ ጮኸ፦ «ቲቸር፣ እሱ ፈረስ አልሣለም!»

መምህርቷ ጎንበስ ብላ ወረቀቱን አየች።

«ከየት ሆነህ ነው ያየኸው?»

«ከአባቴ ጎን።»

ይህንኑ በወረቀቱ ጀርባ ጻፈችና ወደ ቀጣዩ ልጅ አለፈች። ጎበዝ አላለችውም፤ አጨብጭቡለትም አላለችም። በኋላ ለምን ብዬ ጠየቅኋት። «ጎበዝ ብለው በሚቀጥለው ሳምንት የክፍሉ ግማሽ የፈረስ ዳሌ ሥሎ ይመጣል» አለች።

ሁለት ተራራ፣ በመሐል ፀሐይ

ይህን ጽሑፍ ለሚያነብ ሰው አሁን እርሳስ ሰጥተው ሥዕል ሣል ቢሉት ምን እንደሚሥል መገመት አያዳግትም። ሁለት ሾጣጣ ተራራ፣ ከመሐላቸው ጨረሯን የዘረጋች ፀሐይ፣ ጎጆ ቤት፣ ከበሩ የሚወጣ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ከጎኑ አምስት ቅጠል ያላት አበባ፣ ሰማዩ ላይ በሁለት መስመር የተሠሩ ወፎች። ጎንደርም ተማረ ጅማ፣ ይህን ሥዕል ያልሣለ የለም። ታላቅ ለታናሽ የሚያወርሰው ርስት ሆኗል።

አዳማ ላይ ይህ ነገር ይብስ ያስገርማል። የከተማዋ ልጅ ቀና ሲል የሚያየው ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወርዱ ተሳቢዎች አሉ፣ ባጃጅ አለ፣ ባቡሩ አለ። ደብተሩ ላይ ግን አንዳቸውም አይገኙም፤ ያው ጎጆ ቤት ነው ያለው፣ እሱ ራሱ በብሎኬት ቤት እያደገ። ልጁ ዓይን አጥቶ አይደለም። ሥዕል ውስጥ የሚገባውና የማይገባው ነገር አስቀድሞ ተወስኖ ስለደረሰው ነው።

> የከተማዋ ልጅ የሚያየው የነፋስ ማመንጫ ነው፤ የሚሥለው ግን ሌላ ሰው አይቶት የነበረውን ተራራ።

የትምህርቱ ቦታም አልረዳውም። በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በተተገበረባቸው ዓመታት ሥዕል ከሙዚቃና ከስፖርት ጋር በአንድ ጥላ ሥር «ኤስቴቲክስ» ተብሎ ይሰጥ ነበር። ፊሽካ የያዘ መምህር ሲመደብ ሥዕሉ ሩጫ ሆኖ ይውላል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «የክወናና ዕይታ ጥበባት» የሚል ራሱን የቻለ መጽሐፍ ተዘጋጅቶለታል። ትልቅ ነገር ነው። ይሁንና ዘፈኑም፣ ውዝዋዜውም፣ ድራማውም፣ ሥዕሉም የአንድ ሰው ድርሻ ነው። እሷ ሠዓሊ ከሆነች ከበሮው ዝም ይላል፤ እሱ ዘፋኝ ከሆነ እርሳሱ ይደርቃል።

ወላጅ ደግሞ የራሱ ሒሳብ አለው። ልጁ ሲሥል ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ሳሎን ግድግዳ ላይ ይለጥፍለታል። ስድስተኛና ስምንተኛ ክፍል ሲቃረብ ግን «አሁን እሱን ተወውና አጥና» ይመጣል። የሒሳብ መምህሩም «የሥዕል ክፍለ ጊዜሽን ለማካካሻ ስጪኝ» ሲል አያፍርም፤ ተገላቢጦሹን የጠየቀ የሥዕል መምህር ግን አላጋጠመኝም። ይህን ሁሉ ክፋት ነው ብሎ መዝጋት ይከብዳል። ፈተናው እውነት ነው፣ ኑሮውም እውነት ነው። ክፍለ ጊዜውን የያዙት ሰዎች እንኳ ትምህርቱ ምን እንደሚያስተምር ሲጠየቁ መልስ ማጣታቸው ነው የሚያሳዝነው።

ቧንቧ ሊማር የገባው ልጅ

ልጅ ልጅ ሆኖ ይሣል የሚለው ሐሳብ ዕድሜው ያን ያህል አይደለም። ፍራንዝ ቺዜክ የተባለ ኦስትሪያዊ እ.ኤ.አ. በ1897 ቪየና ውስጥ ለልጆች የሥዕል ክፍል ሲከፍት በጊዜው የነበረው ትምህርት የፕላስተር ጽዋና የአበባ ቅርጽ በመስመር መገልበጥ ነበር። ቺዜክ የልጅ ሥዕል ጎደሎ የአዋቂ ሥዕል አይደለም፣ የራሱ ሕግ አለው ብሎ ተነሣ።

ከዚያው አገር የወጣው ቪክቶር ሎዌንፌልድ ነገሩን ወደ ፊት ወሰደው። ቪየና ውስጥ ዓይነ ስውራን ልጆችን ሲያስተምር ኖሮ፣ ናዚዎች አገሩን ሲይዙ እ.ኤ.አ. በ1938 ተሰደደና አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ለጥቁሮች በተቋቋመው የሃምፕተን ኢንስቲትዩት መምህር ሆነ። እዚያ የማታ የሥዕል ክፍል ከፈተ። ከገቡት አንዱ ጆን ቢገርስ የተባለ ወጣት ነበር፤ ኮሌጁ የመጣው የቧንቧ ሥራ ሊማር ነው። በኋላ ከታላላቆቹ ጥቁር አሜሪካውያን ሠዓሊዎች አንዱ ሆነ። ሎዌንፌልድ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው መጽሐፍ አጥብቆ የተቃወመው አንድ ነገር አለ፦ አዋቂ ሥሎ ጨርሶት ልጅ ውስጡን ብቻ ቀለም የሚሞላበትን መጽሐፍ። አንድ ጊዜ የተዋበች የአዋቂ ወፍ የተሰጠው ልጅ ከዚያ ወዲያ በራሱ ወፍ ያፍራል። የሚቀጥለውን ወፍ ሣል ሲባል «አልችልም» ይላል።

እኛ ዘንድ ያ መጽሐፍ ውድ ስለሆነ ብዙ ቤት አልገባም። ሥራውን የሚሠራለት ግን ጥቁር ሰሌዳው ነው።

መምህሩን የማይመስል ተማሪ

የሥዕል መምህርን በምን እንለካው? ብዙ ሰው በተማሪዎቹ እጅ ማማር ይለካል። እኔ ሌላ መለኪያ እመርጣለሁ፤ የአንድ መምህር ተማሪዎች ሥራ ጎን ለጎን ሲሰቀል እርስ በርሱ የማይመሳሰል፣ መምህሩንም የማይመስል ከሆነ ያ ሰው አስተምሯል። በዚህ ሚዛን ከሄድን አገራችን ሩቅ መሄድ የማያስፈልጋት ምሳሌ አላት።

አለ ፈለገሰላም ቺካጎ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው ተመለሱና በ1950 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን መሠረቱ። እሳቸው ሰውን ሰው አስመስለው የሚሥሉ፣ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ያስጌጡ ሠዓሊ ነበሩ። ትምህርት ቤቱን በራሳቸው አምሳል መሙላት ይችሉ ነበር። ያደረጉት ግን ሌላ ነው። ከጀርመን ኮሎኝ የተመለሰው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በዚያ ያስተምር ጀመር። ገብረ ክርስቶስ ሐረር የተወለደ፣ ብራና ላይ የሚሥሉ የአለቃ ደስታ ልጅ ነው፤ እሱ ግን የሚሥለው ረቂቅ ሥዕል ነው። ያኔ «ይሄ ምኑ ኢትዮጵያዊ ነው?» ያለው ተመልካች ጥቂት አልነበረም። ከ1963 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጀርመን ተወልዶ ብራዚላዊ የሆነው ሃንሰን ባሂያ የእንጨት ቅርጽ ሕትመት አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1966 እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ መጣ፤ የክታብና የጠልሰም ቅርጾችን ከዘመኑ ሥዕል ጋር ያዛመደ ሌላ ዓለም ይዞ።

እስቲ ያንን ግቢ እናስበው። አንድ ተማሪ ጠዋት የሰው አካል በልክ ይሥላል፤ ከሰዓት ቀለም ለብቻው ሥዕል መሆን እንደሚችል ይነገረዋል፤ በማግሥቱ እንጨት ይፈለፍላል። ማንን ይምሰል? ማንንም ሊመስል አይችልም፤ መምረጥ አለበት። የአለ ፈለገሰላም ትልቁ የማስተማር ዘዴ በእኔ ዕይታ እርሳስ አያያዝ ማሳየታቸው አይደለም። እንደ እሳቸው የማይሥሉ ሰዎችን በተማሪዎቻቸው ፊት እንዲቆሙ መፍቀዳቸው ነው።

> የሚቃረኑ መምህራን ያሉት ተማሪ ማንንም መምሰል ስለማይችል ይመርጣል።

ውጤቱ ሥራዎቹ ላይ ይታያል። ዘሪሁን የትምጌታ የቀርከሃ ስንጥሮችን ጎን ለጎን ደርድሮ ሥዕሉን በላያቸው ዘረጋ። ወሰኔ ኮስሮፍ የፊደል ገበታችንን አጣመመ፣ አስጨፈረ፣ ሥዕል አደረገው፤ እሱ እስክንድርን በኋላ በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በድጋሚ በመምህርነት አግኝቶታል። ወልድያ የተወለደው ታደሰ መስፍን ደግሞ ከገብረ ክርስቶስ ተምሮ፣ ሌኒንግራድ ሄዶ ተመልሶ፣ ረጃጅም የጉሊት ሴቶቹን ሣለ፤ ራሱም በዚያው ትምህርት ቤት ትውልድ አስተማረ። ከእነዚህ ማንኛውም የመምህሩ ግልባጭ አይደለም።

አብዮቱ ሲመጣ የሥዕል ሥራ ወደ ፖስተርና ወደ መፈክር አዘነበለ። ገብረ ክርስቶስ አገር ለቆ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። ትምህርት ቤቱ ግን አልተዘጋም። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ በመሥራቹ በአለ ስም ይጠራል። አለ ፈለገሰላም በ2008 ዓ.ም አረፉ።

ቢሾፍቱ፣ የለማ ጉያ ደጅ

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ ቢሾፍቱ ላይ ከላይ ያለውን መለኪያዬን የሚፈትን ሰው ነበር። ለማ ጉያ ትምህርት ቤት ገብተው ሥዕል አልተማሩም፤ የአየር ኃይል ባልደረባ ሆነው በራሳቸው ጥረት ሠዓሊ የሆኑ ናቸው። የፍየል ቆዳ ላይ በሣሏቸው የሰው ገጾች ታወቁ። ቢሾፍቱ ላይ የአፍሪካ አርት ሙዚየምን አቋቁመው፣ በ2013 ዓ.ም ጥቅምት በ92 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ በርካታ ወጣቶችን አስተማሩ። ወንድሞቻቸው ቱሉና አሰፋ ጉያ ሠዓሊዎች ናቸው፤ ልጆቻቸውም ብሩሽ ያዙ።

ይህ የክፍል ትምህርት አይደለም፤ የቤት ትምህርት ነው። ልጅ ቆዳው ሲወጠር ያያል፣ ቀለሙ ሲበጠበጥ ያያል፣ ደንበኛ ሲከራከርም ያያል። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ እጅ የጌታውን እጅ ቢመስል ምን ይገርማል? ብዙ ልጅ መጀመሪያ የሚጎድለው ግን ነፃነት ላይሆን ይችላል። ሥዕል የዕድሜ ልክ ሥራ ሆኖ የያዘውን፣ ጠዋት ተነሥቶ የሚሥልን አንድ ሰው በዓይኑ ማየት ነው። የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ልጅ አዲስ አበባ ሳይሄድ ይህን ያየው እዚያ ደጅ ነው።

«መጀመሪያ እጅ ይፍታ»

አዳማ መናኸሪያ አካባቢ ታፔላ ሲጽፍ የኖረ ሰው ይህን ሁሉ ሲሰማ ፈገግ ይላል። እሱ የተማረው በመገልበጥ ነው። የምግብ ቤት ምልክት ላይ ያለውን በሬ ገልብጦ፣ የፊደሉን ጥላ ገልብጦ። አሁን ባነር ማተሚያው ገበያውን ወስዶበት የጋሪና የባጃጅ ጌጥ ይሠራል። «መጀመሪያ እጅ ይፍታ፤ ሐሳብ ኋላ ይደርሳል። እጁ ያልታዘዘለት ልጅ ሐሳቡን በምን ያወጣዋል?» ይላል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚሠሩ ሰዎችም ከእሱ ጋር ናቸው። ደቀ መዝሙሩ ቀለም ይፈጫል፣ ገጽ ይገለብጣል፤ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥእ በአንድ ዓይኑ መሣሉን ይማራል። በዚያ ጥብቅ ሥርዓት ውስጥም የአንዱ ሠዓሊ እጅ ከሌላው ይለያል።

ክርክሩ ተገቢ ነው፤ የቪየናውን ቺዜክ ብቻ ሰምቶ «ልጁን ልቀቁት» ማለትም ስንፍና ይሆናል። ዝም ብሎ የተለቀቀ ልጅ ወደ ሁለቱ ተራራ ነው የሚመለሰው፤ አሁን ደግሞ ስልኩ ላይ ወዳለው የጃፓን ካርቱን። ልዩነቱ መገልበጥና አለመገልበጥ አይመስለኝም። ታፔላ ጻፊው በሬውን ሲገለብጥ መስመር በመስመር አጥንቶታል፤ ተማሪው የሰሌዳውን አበባ ሲገለብጥ ግን የሚያየው ሰዓቱን ነው። ፎቶ አይተው በእርሳስ ቁርጥ ያለ የሰው መልክ እየሠሩ በቲክቶክ ደንበኛ የሚያገኙ የአዳማ ወጣቶች አሉ። እጃቸው ተፍታቷል፣ ገቢም አላቸው፣ ቢመሰገኑ ያንሳቸዋል። ፎቶውን ከፊታቸው ስታነሣው ግን ብዙዎቹ ይቆማሉ። የሚጎድለው ቀጣዩ እርምጃ ነው፤ ያንንም የሚጠይቅ መምህር ይፈልጋል።

ከሰል፣ ሬድ አሽ፣ እርድ

«ቁሳቁስ የለም» የሁሉም ትምህርት ቤት መልስ ነው። እውነትም ነው፤ ከውጭ የሚገባ ቀለም ዋጋው አይቀመስም። የከሰዓት ፈረቃዋ መምህርት ይህን ችግር ትምህርት አድርጋዋለች። ጥቁሩ ከምድጃ ከሰል ነው። ቡኒው የቡና አተላ፣ ቢጫው እርድ። ቀዩ የስምጥ ሸለቆ ስጦታ ነው፤ ለመንገድና ለግንባታ የሚጫነው ሬድ አሽ የትም ግቢ ተደፍቶ ይገኛል። ልጆቹ በድንጋይ ፈጭተው በነጠላ ጨርቅ ይነፉታል። ደረቁ ዱቄት ወረቀት ላይ አይዝም፤ ይራገፋል። የእንቁላል አስኳል በጥቂት ውኃ በጥብጠው ሲያዋህዱት ግን ይጣበቃል። የድሮ ሠዓሊዎች መላ ነው። ወረቀቱ የሲሚንቶ ከረጢት ውስጠኛው ንጣፍ ነው፤ ቡናማነቱ ነጭ ጠመኔን ያጎላል።

ሁሉም አልተሳካም። አስኳሉ በዚያ ሙቀት ቶሎ ይሸታል፤ አንድ ሰኞ ክፍሉን መግባት አልተቻለም ነበር። እርዱ ፀሐይ ሲያየው ይደበዝዛል። አንዲት እናት ደግሞ ልጇ የወጥ ቤቷን እርድ ጨርሳ ስላገኘቻት ትምህርት ቤት ድረስ መጥታለች። ቀለም ፈጭቶ የሠራ ልጅ ግን እንደ ተገዛ ከለር አያባክነውም፤ የት እንደሚያኖረው ያስባል።

ሌላው ጣጣ ማርክ ነው። ሮስተር ባዶ አይቀመጥም፤ ርዕሰ መምህሩም «በምን መስፈርት?» ብሎ መጠየቁ ትክክል ነው። እሷ ለየልጁ ሁለት ወረቀት ትይዛለች፤ ከማየቱ በፊት የሣለውንና ካየ በኋላ የሣለውን። የምታርመው በመሐላቸው ያለውን ነው። በሁለተኛው ላይ በመጀመሪያው ያልነበረ ምን አለ? ልጁ ያንን ለምን እንደጨመረ መናገር ይችላል? ሥራውን ጨርሶታል? እጇ የተዋበላት ልጅ ሁለቱም ወረቀቷ አንድ ከሆነ ከአሥር አምስት ታገኛለች፤ የዚህች ልጅ አባት አንድ ቀን መጥተው ተቆጥተዋል። መምህርቷ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣ «የቱ ነው የኋለኛው?» ስትላቸው ግን መለየት አልቻሉም።

ርዕሰ መምህሩ ሦስቱን መስፈርት በጽሑፍ ተቀብሎ ፈረመበት። ወረቀቱን ሲመልስላት «ለሙዚቃውስ?» ብሎ ጠየቃት። እሱን ገና እያሰበችበት ነው።